በራስ ጊዜ ስኪ ኦሪየንቴሪንግ፦ ከኦስሎ ጫካ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቡና ላይ ስንቀመጥ፣ ስልኬ ውስጥ ያለውን የበረዶ ፎቶ ያየ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ተመሳሳይ ነው። "ሆድህ ላይ ያሰርከው ትሪ ምንድን ነው?" ትሪ አይደለም፣ የካርታ ሰሌዳ ነው። ከዚያ ጥያቄው ይቀጥላል፣ ቡናው እስከ በረካ ድረስ። ሁልጊዜ በአፍ ከማስረዳ አንዴ ልጻፈው ብዬ ነው። የምጽፈው ኦስሎን እያሰብኩ ነው፤ ስቶክሆልም ወይም ሄልሲንኪ ላላችሁም አብዛኛው ያው ነው።

አንድ ነገር ብቻ፦ "ክረምት" ስል የዚህን አገር ክረምት ማለቴ ነው፣ ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ያለውን። አገር ቤት በጋ በሆነበት ሰሞን ክረምት ማለት እስካሁን ምላሴን ያዝ ያደርገዋል፣ ግን ሌላ ምን ይባላል።

ለመሆኑ ነገሩ ምንድን ነው?

ስኪ ኦሪየንቴሪንግ ማለት ስኪ (በረዶ ላይ የሚንሸራተቱበት ረጅም ቀጭን ሰሌዳ) እግር ላይ አድርጎ፣ ካርታ እያነበቡ ጫካ ውስጥ የተመረጡ ቦታዎችን መፈለግ ነው። ካርታ ትይዛላችሁ። ካርታው ላይ ቁጥር የተጻፈባቸው ሐምራዊ ክቦች አሉ። እያንዳንዱ ክብ ጫካው ውስጥ፣ የስኪ መንገድ ላይ ያለ አንድ ቦታ ያሳያል። ኖርዌጂያኖቹ "ፖስት" ይሉታል፣ እኔም ፖስት እያልኩ እቀጥላለሁ። መነሻው ሦስት ማዕዘን፣ መድረሻው ድርብ ክብ ነው። ስኪያችሁን አድርጋችሁ ፖስቶቹን እየለቀማችሁ ትመለሳላችሁ። በየት በኩል እንደምትሄዱ ማንም አይነግራችሁም፣ ጨዋታው እሱ ነው።

በእግር በሚሮጠው ኦሪየንቴሪንግ ፖስቱ ከድንጋይ ጀርባ ወይም ጉድጓድ ውስጥ ሊሆን ይችላል። በስኪው መንገዱ ላይ ቆማችሁ ታዩታላችሁ። ከባዱ እንደ ሸረሪት ድር ከተጠላለፉት መንገዶች መሐል የሚያዋጣውን መምረጥ ነው።

ጨዋታው ደግሞ የዚሁ ሠፈር ልጅ ነው ማለት ይቻላል። ለሕዝብ ክፍት የሆነው የመጀመሪያው የኦሪየንቴሪንግ ውድድር እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 31 ቀን 1897 እዚሁ ኦስሎ አጠገብ በእግር ተካሄደ፤ ከተማዋ ያኔ ክርስቲያኒያ ነበር ስሟ። የቀረቡት ተወዳዳሪዎች ስምንት ነበሩ። ስምንት! የእኛ ዕድር ስብሰባ እንኳን ከዚያ የተሻለ ሰው ይመጣበታል።

"በራስ ጊዜ" ሲባል ምን ማለት ነው? ውድድር የለውም?

የለውም። ፊሽካ የሚነፋ፣ ሰዓት የሚይዝባችሁ ሰው የለም። አንድ ክለብ ወይም አንድ ደግ ሰው ኮርሱን (ትምህርት አይደለም፣ ከመነሻ እስከ መድረሻ ያለው የፖስቶቹ አቀማመጥ ነው) አዘጋጅቶ ያስቀምጣል፣ እናንተ በተመቻችሁ ቀን ሄዳችሁ ትሠሩታላችሁ።

ሁለት ዓይነት አለ። በአንዱ እንጨት ላይ ኮድ ያለው ትንሽ ምልክት ይሰቀላል፣ ስትደርሱ ኮዱን መዝግባችሁ ወይም በስልክ አንስታችሁ ታልፋላችሁ። በሌላው ጫካው ውስጥ የሚሰቀል ነገር የለም፤ ፖስቱ ያለው ስልካችሁ ውስጥ ነው። "ኡሲንሊ-ኦ" የሚባል የኖርዌይ አፕ አለ፣ ኡሲንሊ ማለት የማይታይ ማለት ነው። ማፕራን የሚባልም አለ። ቦታው ላይ ስትደርሱ ስልኩ በጂፒኤስ አውቆ ድምፅ ያሰማል። መጀመሪያ ሰሞን ያቺን "ጢጥ" ለመስማት ስል ብቻ ነበር የምሄደው ብል ውሸት አይሆንም።

አንዳንዱ ኮርስ ፖስቶቹን ከ1 ጀምሮ በተራ እንድታገኙ ይፈልጋል። አንዳንዱ እንደፈለጋችሁ ልቀሙ ይላል። ለጀማሪ ሁለተኛው ይሻላል፣ ሲደክማችሁ አራቱን ለቅማችሁ አምስተኛውን ትታችሁ ቤት መግባት ትችላላችሁና።

ስኪ በደንብ አልችልም። ተምሬ እስክጨርስ ልጠብቅ?

አትጠብቁ፣ ተምሮ የሚጨርስ የለም። ግን ሦስት ነገር ያስፈልጋችኋል። ሜዳ ላይ ሳትወድቁ መሄድ፣ ቁልቁለት ላይ የስኪውን ጫፍ ጫፍ አገጣጥሞ ኋላውን ከፍቶ ፍጥነት መቀነስ፣ ስትወድቁ ደግሞ ዱላው ከስኪው ሳይጠላለፍ መነሳት። ሦስተኛው ከሁሉም ይበልጣል።

እንዲያውም ይሄ ስፖርት ቀስ ለምንለው ሰዎች የተሠራ ነው እላለሁ። ተራ ስኪ ስትወጡ የሰባ ዓመት እናት "ሄይ" ብለው ሰላም እያሉ ያልፏችኋል፣ የአራት ዓመት ልጅ ያልፋችኋል፣ ቆማችሁ ትንፋሽ ስትሰበስቡ ደግሞ መጤነታችሁ ያስታውቃል። ካርታ ሆዳችሁ ላይ ካለ ግን መንታ መንገድ ላይ መቆም ሥራችሁ ነው። ጎንበስ ብላችሁ ካርታ ታያላችሁ፣ ቀና ብላችሁ ዛፍ ታያላችሁ፣ ልባችሁ ድው ድው ማለቱን እስኪተው እንደገና ካርታ ታያላችሁ። ማንም ደክሟቸው ነው አይልም። እንዲያውም የአካባቢው ሰው በአክብሮት ያያችኋል።

በዚያ ላይ አስቦ የሚሄድ ቀርፋፋ ሰው ሳያስብ የሚከንፈውን ሲቀድም ደጋግሜ አይቻለሁ። ፈጣኑ ጓደኛዬ መታጠፊያውን አልፎ ሽቅብ ሲመለስ እኔ ፖስቱ ጋ ሻይ ስጠጣ የደረሰበት ቀን አለ። እስካሁን አነሳበታለሁ።

ዕቃው ውድ ነው አይደል?

አዲስ ከገዛችሁ አዎ። አትግዙ። "ቡዋ" የሚባል የስፖርት ዕቃ ማዋሻ አለ፣ ስኪ፣ ጫማና ዱላ በነፃ ያውሳል፤ በብዙ ከተማ ስላለ ቅርባችሁ ያለውን ፈልጉ። የስኪ መንገዶቹም ክፍያ የላቸውም። ኦስሎ ዙሪያ ባለው ጫካ ብዙዎቹን መንገዶች የሚጠርገው፣ ማለትም በረዶውን በመኪና ደልድሎ መስመር የሚያወጣው፣ ስኪፎሬኒንገን የሚባል ማኅበር ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1883 የተቋቋመ፤ አባል መሆን በፈቃደኝነት ነው፣ ከወደዳችሁት ውለታ መክፈል ጥሩ ነው። ወደ ጫካው የሚያደርሳችሁ ደግሞ ተራው የከተማ ባቡር ነው። ስኪ ይዞ ባቡር የሚገባ ሰው እዚህ ጃንጥላ እንደያዘ ሰው ነው የሚታየው።

የሰም ነገር ሰው ያስፈራል። ስኪው ዳገት ላይ ወደ ኋላ እንዳይንሸራተት ከሥሩ መሐሉ ላይ ሰም ይቀባል፣ ሰሙ ደግሞ እንደ በረዶው ሙቀት ይለያያል። ኖርዌጂያኖች በዚህ ጉዳይ እኛ በሽሮ እንደምንከራከረው ይከራከራሉ። ለጊዜው ከሥሩ ፀጉራማ ጨርቅ የተለጠፈበትን ስኪ ተዋሱ፣ ሰም አያስፈልገውም። ክርክሩን ሌላ ዓመት ትገቡበታላችሁ።

የካርታ ሰሌዳው ግዴታ አይደለም። ካርታውን ውኃ በማያስገባ ላስቲክ ከትታችሁ በክር አንገታችሁ ላይ አንጠልጥሉ። ላስቲኩን ብቻ አትርሱ። ያለ ላስቲክ በኢንክጄት ያተምኩት ካርታ ላይ በረዶ ቀልጦ፣ ሐምራዊው ክብ ሁሉ ፈስሶ የሕፃን ሥዕል ሆኖብኝ ያውቃል።

ካርታው ለምን በአረንጓዴ መስመር ተሞላ? እንዴት ነው የሚነበበው?

እዚህ ላይ ረጋ ብላችሁ አንብቡ፣ ሁሉ ነገር ያለው እዚህ ነው።

አረንጓዴው መስመር የስኪ መንገድ ነው። ወፍራምና ያልተቆረጠ ከሆነ ሰፊ ነው፣ በትልቁ መኪና የተጠረገ፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የሚሄድበት። ቀጠን ካለ መንገዱም ጠበብ ይላል። ሰረዝ ሰረዝ ሆኖ ከተቆራረጠ በበረዶ ሞተር የተረገጠች፣ አንድ ሜትር ገደማ የምትሆን ቀጭን መንገድ ናት። ነጠብጣብ ከሆነ ደግሞ ቀርፋፋ ነው፣ ሌላ ምርጫ ከሌላችሁ በቀር አትግቡበት።

ለምን ይሄን ያህል አስጨነቀኝ? ጠባቧ መንገድ ላይ ስኪያችሁን ከፍታችሁ ፍጥነት ለመቀነስ ቦታ የላችሁም። ሜዳ ከሆነ ምንም አይደል። ቁልቁለት ከሆነ ግን ማቆሚያችሁ ጥድ ነው።

ቁልቁለት መሆኑን የሚነግራችሁ ቡናማዎቹ መስመሮች ናቸው። አንዱ መስመር አንድ ከፍታ ነው፣ ከአንዱ እስከ ቀጣዩ አብዛኛውን ጊዜ 5 ሜትር ነው፣ ካርታው ጥግ ላይ ይጻፋል። አረንጓዴው መንገዳችሁ ቡናማዎቹን ከቆረጠ ትወጣላችሁ ወይም ትወርዳላችሁ። ጎን ለጎን ከሄደ ሜዳ ነው። ቡናማዎቹ ከተጠጋጉ ዳገቱ የጨከነ ነው። ሰማያዊው ውኃ ነው። ካርታውን ከላይ እስከ ታች የሚያቋርጡት ቀጥ ያሉ ቀጫጭን መስመሮች ወደ ሰሜን ያመለክታሉ፣ የኮምፓሳችሁን ቀይ ጫፍ ከእነሱ ጋር ካስተካከላችሁ ካርታው ከጫካው ጋር ገጠመ ማለት ነው።

ከሁሉም በላይ ካርታውን አዙሩት። ጽሑፉ ቢዘቀዘቅ ግድ የላችሁም። እናንተ በታጠፋችሁ ቁጥር ካርታውም መዞር አለበት፣ ከፊታችሁ ያለው መንገድ ካርታው ላይም ከፊታችሁ እንዲሆን። ሰሌዳው እንደ ትሪ የሚሽከረከረው ለዚህ ነው። ካርታን እንደ ጋዜጣ ቀጥ አድርጎ የሚይዝ ሰው ግራና ቀኙ ይገለበጥበታል፣ መጀመሪያ ቀን ሁላችንም እንደዚያ ነበርን።

አጭሩን መንገድ መምረጥ አይሻልም?

አንዳንዴ። ከራሴ ልንገራችሁ። ካርታው 1፡10 000 ነው፣ ማለትም አንድ ሴንቲ ሜትር መቶ ሜትር ነው። ከ3ኛው ፖስት ወደ 4ኛው ሁለት መንገድ ነበረኝ። የግራው 9 ሴንቲ፣ የቀኙ 14 ሴንቲ። 900 ሜትርና 1,400 ሜትር መሆኑ ነው። ያው እኔ ግራውን ያዝኩ። ቡናማዎቹን አልቆጠርኩም። ስድስት ነበሩ፣ 30 ሜትር ዳገት፣ ያውም በሰረዝ መንገድ። ስኪዬን እንደ ዳክዬ እግር ከፍቼ፣ አንድ እርምጃ ወጥቼ ግማሹን ተንሸራትቼ፣ በዱላዬ ተደግፌ 14 ደቂቃ ፈጀብኝ። በሳምንቱ ተመልሼ ቀኙን ሞከርኩት። ወፍራም አረንጓዴ፣ ሜዳ። 10 ደቂቃ፣ ላብ እንኳን አላለበኝም።

ከዚያ ወዲህ ሴንቲ ሜትሩን አይቼ፣ ቡናማውን ቆጥሬ፣ አረንጓዴው ምን ያህል ወፍራም እንደሆነ አይቼ ነው የምነሳው። ይህን ሁሉ ቆሜ። ትንፋሼ እየተመለሰ።

በጫካው ሰንጥቄ ብሄድስ? ሐይቁንስ ባቋርጥ?

ጫካውን ሞክሩት፣ እስከ ጭናችሁ ስትሰምጡ ራሳችሁ ትመለሳላችሁ። ውድድር ላይ የሚቆርጡ አሉ፣ አጭር ርቀት ከሆነ ያዋጣቸዋል። ለእኛ አያዋጣም።

ሐይቁ ግን ቀልድ አይደለም። በረዶ የለበሰ ሐይቅ ላይ የተጠረገ የስኪ መንገድ ከሌለ አትግቡ። ወንዝ የሚገባበትና የሚወጣበት፣ ድልድይ ሥርም፣ በረዶው ስስ ነው፤ ከላይ ሲያዩት ግን ሁሉም አንድ ዓይነት ነጭ ነው።

ስልኬ ላይ ካርታ አለ፣ ወረቀት ለምን?

ብርድ ባትሪ ይበላል። ከዜሮ በታች 12 ላይ ስልኬ 40 ከመቶ እያለው ድርግም ብሎ ጠፍቶብኛል። አፕ ብትጠቀሙም ስልኩን ከውስጥ፣ ደረታችሁ ጋ አድርጉት፣ ድምፁ ይሰማችኋል። ካርታው በወረቀት ይሁን። በወፍራም ጓንት ስክሪን መንካትም አይቻልም፣ ጓንት አውልቆ መልሶ ማጥለቅ ደግሞ ራሱን የቻለ ስፖርት ነው።

ብጠፋስ?

ይሄ የሁሉም ጥያቄ ነው። ሲጠይቁኝም ድምፃቸው ይለወጣል። ስለዚህ የጠፋሁበትን ቀን ልንገራችሁ።

ጥር ውስጥ ነው፣ ከፍሮግነርሴተረን በላይ ባለው ጫካ፣ ጭጋግ ነበር። 5ኛው ፖስት ከእኔ ሽቅብ እንደነበር ካርታው ላይ አይቻለሁ። መንታው ጋ ስደርስ ቀዘቀዘኝና ካርታውን ሳላዞር ቀኝ ታጠፍኩ። ቀኙ ቁልቁለት ነበር። እንዴት ያለ ቁልቁለት መሰላችሁ፣ ዱላ ሳልነካ ወረድኩ፣ ወረድኩ፣ እየዘፈንኩ ወረድኩ። ፖስቱ ሽቅብ እንደነበር ትዝ ያለኝ ወድቄ፣ የጀርባ ቦርሳዬ ተከፍቶ፣ የፔርሙሴ ክዳን እየተንከባለለ ገደል ሲገባ እያየሁ ነው። ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ወርጄያለሁ። ሁለቱም ሽቅብ ይጠብቁኛል።

ከዚያ ቀን የቀረልኝ ይህ ነው። ወደ አዲስ መንገድ ከመግባቴ በፊት መውጣት ይሁን መውረድ፣ ከስንት ሜትር በኋላ ምን እንደማይ ለራሴ ጮክ ብዬ እናገራለሁ። "አሁን እወጣለሁ፣ ከሦስት መቶ ሜትር በኋላ ከግራ መንገድ ይገባል።" ያልኩት ካልመጣ እቆማለሁ። የጠፋ ሰው ትልቁ ስህተት ትንሽ ልቀጥልና ይገናኛል ማለት ነው። አይገናኝም። እርግጠኛ ወደነበራችሁበት የመጨረሻ ቦታ ተመለሱ።

የኦስሎ ጫካ ደግሞ ደግ ነው። ትልልቆቹ መጋጠሚያዎች ላይ የቦታ ስምና ኪሎ ሜትር የተጻፈባቸው ምልክቶች አሉ። የስኪ መንገድ ምልክቱ ቀይ ነው፣ የበጋ የእግር መንገዱ ሰማያዊ። ሰማያዊውን ተከትላችሁ በስኪ አትሂዱ፣ ያልተጠረገ ቦታ ይከታችኋል። መብራት የተተከለባቸው መንገዶችም አሉ፣ እኔም ያን ቀን በአምፖሎቹ ተመርቼ ነው ባቡር ጣቢያ የደረስኩት።

የምትሄዱበትንና የምትመለሱበትን ሰዓት ቤት ላለ ሰው ንገሩ። በእርግጥ ከጠፋችሁ 112 ፖሊስ ነው፣ የጠፋ ሰው የሚፈለገውም በእነሱ በኩል ነው፤ ከተጎዳችሁ 113 አምቡላንስ። ኖርዌጂያኖች ደግሞ ሁሉም በቃሉ የሚያውቃቸው ዘጠኝ የተራራ ደንቦች አሏቸው፣ ስምንተኛው "በጊዜ ተመለስ፣ መመለስ አያሳፍርም" ይላል። እኛ "ወንድ ልጅ ጀምሮ አይተውም" እየተባልን ላደግነው ይቺ ደንብ ትከብዳለች። ግን ልመዱ።

መቼ ይሻላል? ከሥራ ስወጣ ይጨልማል።

ይጨልማል ሳይሆን ጨልሞ ይቆያችኋል። ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ ፀሐይ በእኛ አቆጣጠር 9 ሰዓት ከሩብ ሳይሞላ ትጠልቃለች። የመጀመሪያ ኮርሳችሁን በቀን ሥሩ፣ ቢቻል ከየካቲት ጀምሮ፣ ብርሃኑም ሲመለስ በረዶውም ሲደላደል። ማታ ከሆነ የግንባር ባትሪ አድርጉ፣ መብራት ካላቸው መንገዶች አትራቁ። ከመውጣታችሁ በፊት "ስኪስፖረት" የሚባለውን ገጽ እዩ፣ መጥረጊያው መኪና የትኛው መንገድ ላይ መቼ እንዳለፈ ያሳያል። ቀልጦ መልሶ የበረደ ቀን ቤት ተቀመጡ። መስታወት ላይ ነው የምትንሸራተቱት።

ምን ልልበስ?

ከምታስቡት ያነሰ። ከውስጥ ሱፍ፣ ከላይ ነፋስ የማያስገባ ስስ ጃኬት። ጥጥ አይሆንም፣ ላቡን ይዞ ይቀዘቅዝባችኋል። ወፍራሙን የከተማ ጃኬት ለብሶ የመጣ ጓደኛዬ በአሥር ደቂቃ ውስጥ እንደ ድፎ ዳቦ ጨሰ። ቦርሳ ውስጥ አንድ ደረቅ ሹራብና ትርፍ ጓንት ያዙ፣ የሚበርደው ስትቆሙ ነው። ጋቢው ስትመለሱ ይጠብቃችሁ።

ዐቢይ ጾም ላይ ነኝ፣ አይከብድም?

ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ምክንያቱም የስኪው ምርጥ ሰሞን ከጾሙ ጋር ነው የሚገጥመው። እኔ ቅዳሜና እሁድ ነው የምሄደው፣ በእነዚያ ቀናት ከጥሉላት እንጂ ከእህል ውኃ ስለማይጾም (ከቀዳም ስዑር በቀር) ጠዋት በልታችሁ መውጣት ትችላላችሁ። በአዘቦት ቀን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባዶ ሆድ ይዛችሁ ግን አትሞክሩት።

ቆሎ ያዙ። ኪስ ውስጥ ሱፍና ሽምብራ የተቀላቀለበት ቆሎ፣ ቴምር፣ በፔርሙስ ሻይ በስኳር። እዚህ ሰው ሁሉ ለስኪ የሚይዘው ክቪክ ሉንሽ የሚባል፣ እ.ኤ.አ. ከ1937 ጀምሮ ያለ ቸኮሌት ነው፤ ወተት አለበት። የጫካ ካፌዎቹ ዋፍልም እንቁላልና ወተት ነው። ያንን ሽታ ጾመኛ ሆኖ ማለፍ ከዳገቱ ይብሳል፣ አልዋሽም። ቆሎ ደግሞ በብርድ አይደርቅም፣ ቸኮሌቱ ግን ጥርስ ይሰብራል። ለኖርዌጂያን አንድ እፍኝ ስጡት፣ ከዚያ ስሙን ይጠይቃችኋል።

የሰው መንገድ እንዳልዘጋ እፈራለሁ።

ቀኝ ያዙ። ካርታ ለማየት ስትቆሙ ከመንገዱ ውጡ፣ በተለይ ከቁልቁለት ሥርና ከመታጠፊያ ላይ። የሚወጣ ለሚወርድ ያሳልፋል፣ የሚወርደው ማቆም ስለሚከብደው። ብትወድቁ ቶሎ ከመንገዱ ገለል በሉ፣ ከዚያ ሳቁ። ስኪ አውልቃችሁ የተጠረገው መስመር ላይ በጫማ አትራመዱ፣ ሰዉ የምር የሚቆጣው በዚህ ነው። መኪና መንገድ ስታቋርጡ ደግሞ ስኪያችሁን አውልቁ፣ የሚረጨው ጠጠር ሥሩን ይፍቀዋል።

አውሬ አለ?

ጅብ የለም። ኤልግ አለ፣ ፈረስ የሚያክል፣ እግሩ የረዘመ የዱር እንስሳ። መንገድ ላይ ከቆመ ጫካው የእሱ ነው፣ ራቅ ብላችሁ ጠብቁት ወይም ዙሩ።

ልጆቼን ይዤ ልሂድ?

እነሱ ናቸው ይዘዋችሁ የሚሄዱት። መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ ስኪ ስለሚለምዱ እናንተ ከመውደቅ ስትነሱ እነሱ ዳገቱን ጨርሰዋል። ግን ካርታውን ለልጁ ስጡት። "አባዬ በዚህ ነው" እያለ ሲመራችሁ ደስታው ልዩ ነው፣ "ይበርደኛል፣ ቤት እንሂድ" የሚለውም ይቀራል። አጭር ኮርስ፣ ብዙ ፖስት፣ እያንዳንዱ ፖስት ላይ አንድ ብስኩት። የእኔዋ ልጅ ፖስት ሳይሆን ብስኩት እንደምትቆጥር ገብቶኛል፣ ዝም ብያለሁ።

ወደ ውድድር ብገባስ? ከእኛስ ሰው የሞከረ አለ?

ትችላላችሁ፣ ክለቦች ጀማሪ ይቀበላሉ። የስኪ ኦሪየንቴሪንግ የዓለም ሻምፒዮና እ.ኤ.አ. በ1975 ፊንላንድ፣ ሂቪንካ ላይ ተጀምሯል፤ ኦሊምፒክ ግን ገብቶ አያውቅም። እዚያ ያሉት ሰዎች ዳገት እየሮጡ ካርታ ያነባሉ፣ ያ ሌላ ዓለም ነው።

በስኪ ኦሪየንቴሪንግ የተወዳደረ የእኛ ሰው አላጋጠመኝም። በአገር አቋራጭ ስኪ ግን ሮቤል ተክለማርያም አለ። እ.ኤ.አ. በ2006 ቶሪኖ ላይ በክረምት ኦሊምፒክ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ፣ በ2010 ቫንኩቨር ላይም ደገመው። ቀጣዩ "ሐበሻና በረዶ ምን አገናኘው" የሚል ዘመድ ሲመጣባችሁ ስሙን ጥሩለት።

እሺ፣ የት ልጀምር?

በ5 ቁጥር ባቡር መጨረሻው ድረስ ሂዱ፣ ሶግንስቫን። ከጣቢያው ሐይቁ ቅርብ ነው፣ ሰውም ብዙ ነው፣ ብቸኝነት አይሰማችሁም። ወይም በ1 ቁጥር ወደ ፍሮግነርሴተረን፣ እዚያ ከፍ ስለሚል ከተማው ጭቃ በሆነበት ቀን እንኳን በረዶ ይገኛል። ከፍታው ከ450 ሜትር ትንሽ ይበልጣል፣ አዲስ አበባ ላደገ ሳንባ ጉድጓድ ውስጥ እንደመውረድ ነው። ለመጀመሪያ ቀን አምስት ኪሎ ሜትር ያልሞላ፣ ስድስት ሰባት ፖስት ያለው ኮርስ ምረጡ፣ ሁለት ሰዓት መድቡለት።

ካንተ ጋር ብመጣስ?

ኑ። ቅዳሜ ጠዋት ነው የምወጣው። ፔርሙስ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ፣ የእኔ ክዳን የለውም።